አይነካ የተባለው ቁልፍ

«ፒያኖ ፒያኖ ነው፤ ጣቱን ማን ያየዋል?» ሲል ሰማችው። ታላቅ ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ስልክ ያወራል። «ቀስ ያለ ይሁን እንጂ የፈለገው ይሁን። ሆድ የሚያባባ ነገር። አራት ደቂቃ ይበቃል። በስቱዲዮ የተቀረጸ፣ ንጹሕ የሆነ። የአባቴ ነው ብለን እናጫውተዋለን፤ እንግዳው እንደሆነ ሻዩን ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ማን ሊመረምር!» ከዚያም ሳቀ። አባቱ ከሞተ ገና ስድስት ወሩ ነው፤ ሳቁ ግን ከሐዘን ፈቃድ ተመልሶ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል።

ሚጢ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ እያደረቀች ነበር። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ቤት ግን የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች እስከ ዛሬ ሚጢ ናት። ወንድሟን ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ «ኃላፊው» ይለዋል፤ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ወንበሩ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ መጥረጊያው ላይ ሳይቀር ቁጥር ይለጥፋል፤ ቁጥር የለጠፈበትን ነገር ሁሉ ደግሞ ያወቀው ይመስለዋል። የአባታቸው መታሰቢያ ዛሬ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ይደረጋል። በመጥሪያ ወረቀቱ ላይ፣ ወርቅ በሚመስል ቀለም፣ «በአባታችን ጣቶች የተቀረጸ ሙዚቃ ይደመጣል» ተብሎ ታትሟል። ሲታተም ቀረጻውን ከፍቶ ያዳመጠ ሰው አልነበረም። ወረቀቱ ግን ወፍራም ነው፤ ኃላፊው ለመጣው ሰው ሁሉ በጣቱ ያስዳስሰዋል።

«ጋሼ፣ የማንን ፒያኖ ነው የምታጫውተው?» አለችው ብርጭቆውን እንደያዘች።

«ሰማሽኝ እንዴ?»

«ኮሪደር ላይ ቆመህ ስትጮህ ጎረቤቱም ሰምቷል።»

«የአባባን ቀረጻ ረሳሽው? መጋዝ እኮ ነው! ሰው ፊት አላዋርደውም። መጨረሻ ላይ እጁ ከድቶት ነበር፤ ነውር የለውም፣ እርጅና ነው።»

«ሌላ ሰው የተጫወተውን የሱ ነው ማለትስ ክብር ነው?»

«አትሟገቺኝ፤ ፍርድ ቤት መዋል ሱስ ሆኖብሻል። እሺ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ጆሮ የማይበጥስ ነገር ካገኘሽ አምጪ። ካላገኘሽ የኔ ይሄዳል።» የመኪናውን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ ወጣ። እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ መስጠት ደስ ይለዋል፤ የሰጠው ነገር ምንም ባይሆን እንኳ ቀኑና ሰዓቱ አለበት።

አባታቸው የሆቴል ፒያኖ ተጫዋች ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያኝክ ተጫውቷል። በዚያ ሆቴል ሹካ ሲወድቅ ዞር የሚል ሰው ነበር፤ ፒያኖ ሲቆም ግን ዞር የሚል አልነበረም። እንግዳ ያዘዘውን የታወቀ ዜማ ሲጫወት ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ በሳሎኑ ውስጥ፣ በአሮጌ ፒያኖው፣ የራሱን ዜማዎች መጫወት ጀመረ። ወረቀት ላይ አልጻፋቸውም፤ ጣቱ ላይ ነበሩ። ያኔ ነው ኃላፊው መቅረጫ ማሽን ገዝቶ ከች ያለው። «አንተ ቅረጽ፤ ለሰባኛ ዓመትህ በሲዲ አሳትምልሃለሁ» ብሎ፣ ዋጋውን ለእያንዳንዱ ዘመድ ለየብቻው ነገረ። በልደቱ ዕለት ሃያ ሰው በተሰበሰበበት ሳሎን ቀረጻው ሲከፈት ድምፁ እንደ ተቀደደ ቆርቆሮ ተንጫረረ። ኃላፊው ቶሎ ዘጋውና የአባቱን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ዕድሜ ነው» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እጁ ከድቶታል» የሚለው ወሬ በዘመዱ ውስጥ እንደ ጉንፋን ተዛመተ፤ አክስትየዋ በሹክሹክታ፣ የኃላፊው ሚስት ደግሞ አንገቷን ሰበር አድርጋ በርኅራኄ ታወራው ነበር። አባትየው በዚያ ቀን ፈገግ ብሎ ኬኩን ቆረሰ። ሲዲው ቀረ። መቅረጹን ግን አልተወም፤ ሲሞት አርባ ሦስት ቀረጻ ማሽኑ ውስጥ ተገኘ።

ሚጢ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት። የችሎት ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ወደ ወረቀት ትገለብጣለች። አሥራ ስድስት ዓመት ይህንኑ ስትሠራ፣ ምስክሩ ከማይክሮፎኑ ስንት ክንድ እንደራቀ፣ ጠበቃው ዞር ብሎ እንደተናገረ፣ ዳኛው ጠጋ ብለው ሲቆጡ ድምፁ እንዴት እንደሚሰበር አብጠርጥራ ታውቃለች። ይህን ሁሉ እያወቀች የአባቷን ቀረጻ ከልደቱ ወዲህ አንድም ቀን ከፍታ ሰምታ አታውቅም። ሐዘን ከልክሎኝ ነው ትላለች። ከሐዘኑ በፊት በነበረው ዓመት ማን እንደከለከላት የጠየቃት የለም።

ሳሎን ገብታ በሩን ዘጋች። የኃላፊው ሚስት ፒያኖውን ያለበሰችውን የላስቲክ ጨርቅ ገፍፋ ጣለችው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ላስቲክ ለብሷል፣ ሞት እንደ አቧራ የሚያርፍበት ይመስል። ላፕቶፗን ከፈተች፣ የሥራ ቦታ ጆሮ ማዳመጫዋን አደረገች፣ የመጀመሪያውን ቀረጻ ከፈተች። መግቢያው ለስላሳ ነው፣ ጥርት ያለ። ሁለቱ እጆች አንድ ላይ ሲያርፉ ግን ተንጫረረ። በመጀመሪያ ጆሮ ማዳመጫውን ጠርጥራ ሌላ ቀየረች፤ ያው ነው። ድምፁን ቀነሰችው፤ ቀስ ብሎ ተንጫረረ። ቀጥላ ፒያኖውን ጠረጠረች፤ ያንኑ ቦታ በጆሮዋ ፈልጋ፣ የፒያኖውን ቁልፎች አንድ በአንድ ጠንከር አድርጋ መታቻቸው። ጥርት ብለው ጮኹ፤ የሚንቀጫቀጭ ክር፣ የላላ እንጨት የለም። ደግማ ስትሰማው ያስተዋለችው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ሁሉ መንጫረር ውስጥ አንድም የተሳሳተ ጣት አልነበረም። የሚሰበረው ጮክ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። በላፕቶፑ ላይ የድምፁን ሥዕል አወጣችው፤ ተራራ ተራራ መሆን የነበረበት ማዕበል አናቱ ልሙጥ ሆኖ፣ አትክልተኛ በመቀስ እንዳስተካከለው አጥር ተደርድሯል። ይህን በሥራዋ ታውቀዋለች። ወደ ማሽኑ የገባው ድምፅ ማሽኑ ከሚችለው በላይ ሆኖ አናቱ ተቆርጧል። የተቆረጠው ደግሞ በኋላ ድምፁን ቢቀንሱት ተመልሶ አይበቅልም።

ማሽኑን አነሣችው። የሚገባውን ድምፅ የምትመጥነው ትንሿ ቁልፍ በጎኑ አለች፤ ከዜሮ እስከ አሥር ትዞራለች። አሥር ላይ ቆማለች። እንዳትዞር በነጭ ፕላስተር ሁለት ዙር ተጠምጥማለች፤ ፕላስተሩ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «አይነካ!» ተብሎ ተጽፎ፣ ከሥሩ የንብረት ቁጥር ተለጥፎበታል። የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ ለማወቅ ምስክር አያስፈልግም። አሁን ትዝ አላት፤ ኃላፊው ያኔ ማሽኑን ሲያስረክብ «አባባ ለስለስ አድርጎ ነው የሚጫወተው፤ መጨረሻ ላይ አስሬዋለሁ፣ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ነበር። ሰውየው ድምፅ ማለት ደመወዝ ይመስለዋል፤ ከፍ ባለ ቁጥር የሚሻል።

ከዚያ በኋላ ቀረጻዎቹን በተራ ሰማች፤ የምትሰማው ነገር ቀስ በቀስ ግራ አጋባት። እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ማሽኑ የፒያኖው ክዳን ላይ ነው፤ የቁልፎቹ እንጨት ሲንኳኳ ሁሉ ይሰማል። ልደቱ ከተከበረ በኋላ ፒያኖው መራቅ ጀመረ። አሥራ አምስተኛው ላይ ማሽኑ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ነው። ሃያ ሁለተኛው ላይ ኮሪደር፤ ጎረቤት ደረጃ ሲወጣ ተቀርጿል። ሠላሳኛው ላይ ወጥ ቤት፤ የፍሪጁ ሞተር ያጉረመርማል። በራቀ ቁጥር መንጫረሩ ይቀንሳል። ከሠላሳ ስድስት በኋላ ጭራሽ ጠፋ፤ ግን ድምፁ በሸክላ ግድግዳ መካከል እንደሚጮህ ያስተጋባል፣ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ወደ መኝታ ቤት ሄደች። እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለአዳራሹ የምታደርገውን ጫማ ትወለውላለች።

«እማዬ፣ አባባ ማሽኑን መታጠቢያ ቤት ያስገባው ነበር እንዴ?»

እናት ቀና አላለችም። «እኔ ነበርኩ ይዤው የምቀመጠው።»

«የት ላይ?»

«ባልዲ ገልብጬ ነዋ። ፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ። ደግሞ ‹ትንፋሽሽ ይገባል› እያለ ሲጨቀጭቀኝ! አራት ደቂቃ ትንፋሽ የሚይዝ ማነው? ዓሣ ነኝ?»

«ፕላስተሩን ልጣችሁ ቁልፏን ዝቅ ብታደርጓትስ ኖሮ?»

«አላልኩትም መሰለሽ? ‹ልጄ ያሰረውን እኔ አልፈታም› አለኛ!» ጫማውን አዙራ ሌላውን ጎን ያዘች። «ደግሞ አንቺን ጠይቆ ነው ያደረገው።»

«እኔን?»

«ራቅ አድርገው ብለሽዋል አይደል።»

ሚጢ በሩ ላይ ቆመች። ብላዋለች። ሥራ ላይ ነበረች፤ አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ በሌላው ስልክ፣ አንድ ምስክር ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አቋርጣው። «ሚጢዬ፣ ቀረጻ ላይ ድምፅ ሲሰበር ምን ይደረጋል?» ሲል አባቷ ጠየቃት። «ራቅ አድርገው፣ አባባ» አለችና ዘጋችው። ምን ማሽን ነው፣ ስንት ላይ ነው፣ ማን አስተካከለው ብላ አልጠየቀችም፤ የማታውቀውን ምስክር ቃል አንድም ሳትስት የምትጽፍ ሴት ለአባቷ ሁለት ቃል ሰጥታ አሰናበተችው። እሱም ሁለቱን ቃል ይዞ ከክዳን ወደ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያ ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ወጥ ቤት አንድ ዓመት ሙሉ ሲሸሽ ኖረ። ቤቱ ረዥም ቢሆን ኖሮ ይኸኔ ከከተማ ይወጣ ነበር። በዚህ ቤት ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሁሉም ዝምታውን አከማችቶ፣ አክብሮት ነው ብሎ በላዩ ላይ ተቀምጦበታል።

አርባ አንደኛውን ቀረጻ መረጠች። ሲጀምር ፒያኖ አይደለም የሚሰማው፤ የነጠላ ጫማ እርምጃ ነው። እናቷ ማሽኑን ስታስጀምር አባቷ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሳይቆም አልቀረም፣ ከዚያ እየተራመደ ወደ ሳሎን ይሄዳል፤ አሥራ አራት ሰከንድ። ወንበሩ ሲጢጥ ይላል። ከዚያ ይጫወታል። የማይሰበር፣ ሙሉ፣ ትንሽ የራቀ ድምፅ። ሥራዋን ጀመረች። ዜማው ካለቀ በኋላ የወጥ ቤቱ ፍሪጅ ከሩቅ ብቻውን የሚያጉረመርምበትን ስድስት ሰከንድ ፈልጋ፣ ለላፕቶፑ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ይህን ድምፅ ለይተህ ከሁሉም ቦታ ቀንስ አለችው። ቀነሰላት፤ ግን ፒያኖው ውሃ ውስጥ እንደሚጫወት ሆነ። መለሰችው፤ ግማሹን ብቻ ቀነሰች። ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ አንድ በአንድ እየለቀመች አወጣች፤ ሃያ ሰባት ጠብታ። ማስተጋባቱን ግን የሚያወጣው የለም፤ ሸክላው ከድምፁ ጋር ተዋሕዷል። እርምጃውን ለመቁረጥ ጣቷን አሳረፈች፤ ከዚያ አነሣችው።

ኃላፊው በስምንት ሰዓት ደረሰ። አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ሚስቱ መኪና ውስጥ ሆና ጥሩምባ ትነፋለች። አንዱን ማዳመጫ አንድ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ስልኩ ላይ መልእክት እያነበበ፣ ከመሀል ላይ አሥር ሰከንድ ያህል ሰማ።

«ከጉድጓድ እኮ ነው የሚመጣው! ሽንት ቤት ነው እንዴ?»

«ሽንት ቤት ነው።»

«ቀልድሽን ለሌላ ቀን አቆዪው።»

«ጋሼ፣ ማሽኑን ያኔ አንተ...»

«ማሽኑ ምንም አልሆነም። ቁጥሩም አለበት።» ስልኩ ጮኸ። «በቃ፣ የኔ ይሄዳል» ብሏት በስልኩ እያወራ ወረደ። ለአባቱ አሥር ሰከንድ ሰጠ፤ ያቺንም ከመልእክቱ ጋር አካፍሎ።

ሚጢና እናቷ በታክሲ ሄዱ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ወንበር ተደርድሯል፤ የእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ቁጥር ተለጥፏል። የድምፅ ባለሙያው ከኋላ፣ ማስቲካ እያላመጠ፣ የፕሮግራም ዝርዝር ከፊቱ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሚጢ ቀረጻው ያለበትን ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ተራ ቁጥር አራት፣ ‹የአባት ፒያኖ›። ይሄ ነው።»

«እሱ ጠዋት በስልክ ተልኮልኛል እኮ፣ እህቴ።»

«እሱ የሌላ ሰው ነው። የአባት ይሄ ነው።»

«ኃላፊው ቢጮህብኝስ?»

«የሟቹ ልጅ ሰጠችኝ በለው።»

ሰውየው እሷን አየ፣ ከኋላዋ ጥቁር የለበሰችውን እናቷን አየ፣ ፍላሿን አየ። «ሁለቱም ፒያኖ ናቸው?»

«ሁለቱም።»

«እንግዲያው እኔ ምን ቸገረኝ» አለና ሰካው።

ዐሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። የኃላፊው አለቃ የሆነ ሰው ተነሥቶ፣ አንድም ቀን ያላየውን ሟች በሥራ ሰዓት አክባሪነቱ አመሰገነው። የኃላፊው ሚስት ከወፍራም ወረቀት ላይ ግጥም አነበበች፤ ወረቀቱ ከግጥሙ ይሻል ነበር። ከዚያ ተራ ቁጥር አራት ደረሰ። ኃላፊው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን በሐዘን ዘንበል አድርጎ ተዘጋጀ። ከትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች የነጠላ ጫማ እርምጃ ወጣ። ሸፍ፣ ሸፍ፣ ሸፍ። ሰው ሁሉ ማን መጣ ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ኃላፊው ዓይኑን ገለጠ፣ ፊቱ ቀላ፣ ብድግ ብሎ ለድምፅ ባለሙያው በሁለት እጁ ዝጋው፣ ዝጋው እያለ መሮጥ ጀመረ።

«ተወው» አለች እናቱ ከፊት ወንበር። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሁለት መቶ ሰው ግን ሰማት። «ገና እየሄደ ነው። አሁን ይቀመጣል።»

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ኃላፊው በወንበሮቹ መካከል እንደተገተረ ቀረ። ፒያኖው ጀመረ፤ ከሩቅ፣ ከግድግዳ ማዶ፣ ግራ እጅ ሳይቸኩል፣ ቀኝ እጅ አንድ ነገር ጠይቆ ደግሞ ራሱ እየመለሰ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሁለቱ እጆች ሙሉ ኃይላቸውን ይዘው አንድ ላይ አረፉ። ሚጢ ሳታስበው ጥርሷን ነክሳ ነበር። አልተሰበረም። ሞልቶ፣ ረግቶ፣ ተዘርግቶ አዳራሹን ሞላው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ እጅ ነው፤ ማንንም አልከዳም። እናቷ አፏን ገጥማ በአፍንጫዋ ቀስ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ትተነፍሳለች፤ ሚጢ ይህን ስታይ ነው ያለቀሰችው። ከኋላ አንድ ሰው የሻይ ማንኪያ ያማስላል።

ሲያልቅ ለአፍታ ጸጥ አለ። ጸጥታ ኃላፊውን ያስፈራዋል፤ ማይክሮፎኑን ያዘ። «ክቡራን እንግዶች» አለ፣ ፊቱ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ «ይህ ቀረጻ ለትውልድ ሊተርፍ የቻለው ለአባቴ በገዛሁለት ዘመናዊ መሣሪያ ነው።» ጭብጨባው ቀለጠ። ለፒያኖው ያልተጨበጨበለት ያህል ለማሽኑ ተጨበጨበ። ሰው እየተነሣ እጁን ጨበጠው፤ ልጅ ማለት እንዲህ ነው አሉት። አክስትየዋ ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች ወደ ሚጢ መጣችና፣ «አየሽ፣ እጁ እስከ መጨረሻው አልደከመም! እኔ ድሮም እል ነበር» አለቻት።

ሲመለሱ ኃላፊው በራሱ መኪና ወሰዳቸው። ሚስቱ ከፊት፣ እናትና ልጅ ከኋላ። ደስ ብሎታል። ስለ ቀረጻው መለወጥ አንድም አላነሣም፤ የተሳካ ነገር ሁሉ እሱ ያዘዘው ነው። «ጥሩ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው» አለ መሪውን መታ መታ እያደረገ። «ያኔ ዋጋው ተወደደ ስትሉኝ አልነበር?»

ሚጢ ነገረችው። ችሎት ላይ የተጻፈ ቃል እንደምታነብ፣ ሳትጮህ፣ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። ቁልፏ አሥር ላይ በፕላስተር መታሰሯን፣ መንጫረሩ ከዚያ መምጣቱን፣ በልደቱ ቀን የከዳው እጅ አለመኖሩን፣ መደርደሪያውን፣ ኮሪደሩን፣ ፍሪጁን፣ ባልዲውን፣ ፎጣውን። ሲጠይቃት ራቅ አድርገው ብላ ስልክ የዘጋችው እሷ መሆኗንም አልዘለለችም። ሚስትየዋ መስኮቱን በትንሹ ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። መብራት ላይ ቆሙ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አለ ኃላፊው።

ሁለት መንገድ ካለፉ በኋላ እናቱ ከመስኮቱ ሳትዞር፣ «እንዳይከፋህ» አለችው።

«እንዴ! በዚህ ደግሞ ማን ይከፋዋል?»

በር ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አላጠፋም። እናቱ «ግባና ውሃ እንኳ ጠጣ» ስትለው፣ ቅዳሜ ማምሻው ላይ፣ «ሥራ አለብኝ» አለ። የመኪናውን በር ሳይዘጉት መንቀሳቀስ ጀመረ። ሃያ ሁለት ቀን አልደወለም።